ጉም የዋጣቸው መምህሬ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ያን ቀን የማልረሳው ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። ለአንዲት ሴት ቃል ገብቼ ቃሌን ለሩብ ሰዓት ያህል ረሳሁ፤ በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ባለቤቷን ላሳጣት ነበር።

የምኖረው መካነ ሰላም ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ይህን ትምህርት እንድወድ ያደረጉኝ ጋሽ ይመር ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ መምህሬ ነበሩ፤ ዛሬ ደግሞ መምህራን ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ፈተና እናርማለን። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው ናቸው።

ጋሽ ይመር መጽሐፍ ሳይገልጡ ካርታ ይስሉ ነበር። ጠመኔ ይዘው አባይን ሰሌዳው ላይ ያጥፉታል፣ በሽሎን ከላይ ያመጡታል፣ ወለቃን ከታች ይቀጥሉበታል። ከዚያ መሀል ላይ አንዲት ነጥብ ያስቀምጡና «እኛ እዚህ ነን» ይሉናል። እኔም ዛሬ ተማሪዎቼን እንዲሁ ነው የማስተምራቸው።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ደሴ ሄደው ዓይናቸውን ታዩ። ግላኮማ ነው ተባሉ። በሽታው ከግራና ከቀኝ ያለውን እይታቸውን ቀስ በቀስ ወስዶታል። የቀረላቸው ፊት ለፊት ያለው ብቻ ነው። «በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ነው» ብለው ነው የነገሩኝ። ጠብታ ይጨምራሉ፤ ጠብታው ያለውን ያቆየዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም።

አንድ ቀን ፈተና እያረምን ሳለ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና፣

«ሰናይት፣ ስለዚያ ተራራ ይሄን ሁሉ ዓመት አስተምሬ አንድ ቀን አልወጣሁትም» አሉኝ። «ጫፉ ላይ ሲቆሙ አባይም በሽሎም በአንድ ጊዜ ይታያል ይባላል። ዓይኔ ሳይዘጋ ባየው ደስ ይለኛል።»

የሚሉት ከከተማችን ወጣ ብሎ ካለው ጫካ በላይ ያለውን ተራራ ነው። የከተማችን ሰው ዝም ብሎ «ላይኛው» ይለዋል። ከጫፉ በታች፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ዝቅ ብሎ፣ የደን ጠባቂዎች የሚያድሩባት ቆርቆሮ ክዳን ያላት ጎጆ አለች። እስከዚያ መንገዱ ሰፊ ነው። ከዚያ በላይ ቀጭን የእግር መንገድ ነው። እኔ ተማሪዎች ይዤ ሁለት ጊዜ ወጥቼዋለሁ። ስለዚህ ሳላስብ «እኔ ይዤዎት እሄዳለሁ» አልኳቸው።

ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ነገሩን አልወደዱትም። ከመሄዳችን በፊት ቤታቸው ሄጄ ነበር። ጋሽ ይመር ወደ ጓዳ ሲገቡ ጠብቀው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ወላሂ ሰናይት፣ እኔ አልጣመኝም። እዚህ ቤት ውስጥ እንኳ በርጩማው ይመታዋል። ከጎኑ ያለውን አያይም እኮ።»

«እጃቸውን አልለቅም፣ እትዬ።»

«ቃል?»

«ቃሌ ነው።»

ትንሽ ካዩኝ በኋላ «መርሀባ» አሉ፣ እሺ ለማለት።

የሄድነው የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት እንደጀመረ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደዚያ የሚያልፍ ኢሱዙ አገኘንና ጫካው ጠርዝ ላይ ወረድን። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ስንረግጠው ከእግራችን ስር ይሰባበራል። ጋሽ ይመር ከጃኬታቸው በላይ ጋቢ ደርበው፣ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው የእኔን ክንድ ይዘዋል። ምሳ ዕቃዬና የውሃ ጠርሙስ ያለባትን ቦርሳም እኔ ካልያዝኩ ብለው ጀርባቸው ላይ አድርገዋል። ስልካቸውን ግን ቤት ትተውት ነው የመጡት። ከጫፉ በቀር ኔትወርክ የለም ብዬ የነገርኳቸው እኔው ነበርኩ።

ቀስ ብለን ነው የሄድነው። ድንጋይ ሲመጣ «ደረጃ» እላለሁ፤ ይነሳሉ። ቅርንጫፍ ሲመጣ «ራስዎን» እላለሁ፤ ዝቅ ይላሉ። ከኮሶው ጫካ ወጥተን አስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ስንገባ ፀሐይዋ ሞቀች። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ጋሽ ይመር በየመቶ እርምጃው እየቆሙ፣ አንገታቸውን ቀስ አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ እያዞሩ፣ ያዩትን ሁሉ ይጠሩልኛል።

አራት ሰዓት አካባቢ ጎጆዋ ጋ ደረስን። ጠባቂዎቹ አልነበሩም። አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት፣ አጠር ያለች ሴት ደጁ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እታገኝ ትባላለች። የአንደኛው ጠባቂ ሚስት ናት። ለባሏ ስንቅ ይዛ ወጥታ፣ እሱ ከጓደኞቹ ጋር በወዲያኛው በኩል ጓሳ ሣሩ ውስጥ ጭስ ታየ ተብሎ ሄዶ፣ እስኪመለስ እየጠበቀች ነው። ከሰላምታው በኋላ ጋሽ ይመርን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

«ቶሎ ውጡ፣ ቶሎ ውረዱ። ትናንት ከቀትር በኋላ ከገደሉ ጉም ተነስቶ ነበር።»

«በጥር?» አልኳት።

«ጥር መሆኑን ጉሙ በምን ያውቃል» አለችኝ፣ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ።

እኔ ሰማዩን አየሁ። አንድም ደመና የለም። ትንሽ አርፈን ተነሳን።

ጫፉ ላይ የደረስነው ከስድስት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ጋሽ ይመር የእኔን ክንድ አጥብቀው ይዘው ቆሙ። ዓይናቸው የሚያሳያቸው ቁራጭ ቁራጭ ስለሆነ አገሩን እንደ ጽሑፍ ነው ያነበቡት። ከአንድ ጫፍ ጀምረው፣ ቀስ ብለው፣ እስከ ሌላው ጫፍ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብለው እንደገና።

«ያ አባይ ነው?»

«ገደሉ ነው፤ ውሃው ከዚህ አይታይም፣ ጋሼ።»

«መቅደላስ?»

«ያ ሰማያዊው ሰንሰለት መጨረሻ ላይ፣ አናቱ በቢላ የተቆረጠ የሚመስለው።»

ፈለጉት፣ አጡት፣ ጣቴን ተከትለው አገኙት። ከዚያ ወደ በሽሎ በኩል ዞረው ብዙ ቆዩና ሳቁ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን አሳስቻችኋለሁ። በሽሎን በጣም ወደ ላይ ነበር የምስለው።»

ያን ጊዜ ነው ስልኬ ኪሴ ውስጥ መንዘር የጀመረው። ኔትወርክ ገብቶ የጠዋቱ መልእክት ሁሉ በአንዴ መጣ። ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ናት፤ ቀኗ ገፍቶ ስንጨነቅ ነበር የሰነበትነው። የመጀመሪያው መልእክት ወለደች ይላል። ጋሽ ይመርን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ጋሼ፣ እህቴ ወልዳለች። እዚችው ይቀመጡ፤ ደውዬላት መጣሁ።»

«አልሀምዱሊላህ፣ ሂጂ፣ ሂጂ» አሉኝ።

ድምፁ ይቆራረጥ ስለነበር ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ከአንድ ትልቅ አለት ጀርባ ገባሁ። እዚያ ጥሩ ይሰማል። እህቴ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ፤ ሕፃኑን አሰማችኝ፤ እናቴ ስልኩን ተቀበለች፤ እንደገና እህቴ ተቀበለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አይቀርም። አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ቀዝቀዝ ሲለኝ ቀና አልኩ። አምስት እርምጃ ራቅ ብላ የነበረችው የጅብራ ተክል አትታይም። ሁሉ ነገር ነጭ ሆኗል።

ስልኩን ዘግቼ አለቱን በእጄ እየዳሰስኩ ተመለስኩ። ጠፍጣፋውን ድንጋይ አገኘሁት። ጋሽ ይመር የሉም። ቦርሳውም የለም።

«ጋሼ» አልኩ፣ መጀመሪያ በቀስታ። የሆነ ነገር ሊያዩ ራቅ ብለው ይሆናል ብዬ ነው። መልስ ሲጠፋ ጮህኩ። ገደሉ የራሴን ድምፅ ከሦስት ቦታ መለሰልኝ። እንደገና ጮህኩ። አንድ ጊዜ ስሜን የሰማሁ መሰለኝ። ወደዚያ ሮጥኩ፤ አፋፉ ላይ ልደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩ። በደረቴ ተኝቼ ወደ ታች ተመለከትኩ። ከጉም በቀር ምንም የለም። ጠጠር ወረወርኩ። ሲያርፍ አልሰማሁም።

በዚያ ቅጽበት ያሰብኩት እሳቸውን አልነበረም። እትዬ ዘሀራን ነው ያሰብኩት። በራቸው ላይ ቆሜ ምን እንደምላቸው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

ለርዕሰ መምህራችን ደወልኩ፤ አያነሱም። ለሌላ ሰው ብደውልስ? ከከተማ እስኪመጡ ይመሻል። የምትቀርበው ጎጆዋ ናት። እንደዚያም ሆኖ ያንን ድንጋይ ትቼ ለመውረድ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ከሄድኩ ጥያቸው የሄድኩ መሰለኝ። በመጨረሻ መሀረቤን ድንጋዩ ላይ ጠጠር ጭኜበት ተውኩና መንገዱን በእጄም በእግሬም እየፈለግኩ ወረድኩ። ተማሪዎቼ ከዚያ በፊት በወጣንበት ጊዜ በየመታጠፊያው የካቡት ድንጋይ ባይኖር ኖሮ እኔም አልደርስም ነበር።

እታገኝ ብቻዬን ስታየኝ የምስሩን ሰፌድ አስቀመጠች።

«ሰውየውስ?»

«ጠፉ። እኔ ስልክ ሳወራ… ዓይናቸው ደግሞ…»

«ከጠፉ ምን ያህል ሆነ?»

«አንድ ሰዓት አልፎታል። አሁን አብረን እንሂድ፣ እባክሽ፣ አንቺ አገሩን ታውቂዋለሽ፣ እየጮህን እንፈልጋቸው።»

ክንዴን ያዘችኝ። ትንሽ ሴት ናት፤ እጇ ግን እንደ ወንድ ነው።

«አንቺ ከሮጥሽ የሚጠፋው ሁለት ሰው ነው። አንቺ እየሄድሽ ትጮሂያለሽ፣ እሳቸው ወደ ድምፅሽ ይሄዳሉ፤ አንቺ ደግሞ እዚያ የለሽም። ገደሉም ድምፅ ያሳስታል። ድምፁ አንድ ቦታ መቆም አለበት።»

ወደ ውስጥ ገብታ የመጥረቢያ እጀታ ይዛ ወጣች። የጎጆዋ ክዳን ዝቅ ያለ ስለሆነ ከደጅ ቆሞ መምታት ይቻላል። እጀታውን ሰጠችኝ።

«ሦስት ምቺ። እስከ አሥር ቁጠሪ። ደግሞ ሦስት።»

«ዝም ብዬ ብመታስ?»

«ዝም ብለሽ ከመታሽ ንፋስ የነቀለው ቆርቆሮ ይመስላቸዋል። ቁጥር ካለው ሰው መሆኑን ያውቃሉ። አምና ክረምት ባሌን እንዲህ አድርጌ ነው ያመጣሁት።»

መታሁ። ድምፁ ጆሮዬን ቀደደው። ሦስት፣ ዝም፣ ሦስት፣ ዝም። እሷ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገልጣ፣ በየዝምታው ታዳምጣለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር የጀመርኩት። በዚያ ሰዓት ውስጥ ስለ ምን እንዳሰብኩ ብትጠይቁኝ ቁጥር ብቻ ነው የማስታውሰው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ እስከ አሥር። ልቤ ወደ ገደሉ ሲሄድብኝ ቁጥሩን ከፍ አድርጌ እቆጥራለሁ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል ሆነ። መዳፌ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያ ፈረጠ። እታገኝ ስታየው ነጠላዋን ከጫፉ ቀድዳ ጠቀለለችልኝና ለጥቂት ጊዜ እሷ መታች። ክንዴ ሲያርፍ መልሼ ያዝኩት። እሷ ስትመታ ቆሜ ማየት ነበር የከበደኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከበላያችን የድንጋይ መንኳኳት ተሰማ። እጀታውን ጣልኩና እየጠራኋቸው ወደ ድምፁ ሮጥኩ። ጭላዳዎች ነበሩ። ለብርዱ ተጠጋግተው ይወርዳሉ። አንደኛው ጥርሱን አሳየኝና አለፈ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ መነሳት አቃተኝ። አለቀላቸው፣ ሞተዋል አልኩ በልቤ። እታገኝ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አላየሻቸውም፣ አልሰማሻቸውም፤ ስለዚህ ምን እንደሆኑ አታውቂም» አለችኝ። «ማልቀሱ አይጠፋም፣ በኋላ ይደርሳል። አሁን ምቺ።»

አንስታኝ ሄደች። እኔ እዚያ የተቀመጥኩበት አሥር ደቂቃ ምን ሊያመጣ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

እንደገና ጀመርኩ። ለስንተኛ ጊዜ እንደመታሁ አላውቅም፣ ሦስቱን ጨርሼ ስድስት ላይ ስደርስ እታገኝ እጇን አነሳች። ቁጥሬን አቆምኩ። ምንም የለም። «ምቺ» አለች። መታሁ። በዝምታው ውስጥ፣ በጣም ከሩቅ፣ ቀጭን የብረት ድምፅ መጣ።

ቃ፣ ቃ፣ ቃ።

ሦስት ነው። እኔና እታገኝ ተያየን። እንደገና ሦስት መታሁ። እንደገና ሦስት መለሰልኝ። የምሳ ዕቃዬ ክዳን ነበር። ጋሽ ይመር በድንጋይ እየመቱት ነው።

ልሮጥ ስል እታገኝ በአንድ እጇ ደረቴን ገፋ አደረገችኝ።

«አንቺ ከዚህ እንዳትነቃነቂ። ለእሳቸውም ለእኔም መመለሻችን ያንቺ ድምፅ ነው።»

መቀነቷን ከወገቧ ፈትታ በእጇ ጠቀለለችና ጉሙ ውስጥ ገባች። ሁለት እርምጃ ስትሄድ ጠፋች። እኔ መምታቴን ቀጠልኩ። ያ ጊዜ ከሁሉ ረዘመብኝ። አሁን ሁለት ሰው ነው ጉሙ ውስጥ ያለው። የምሳ ዕቃው ድምፅ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። ከዚያ ጨርሶ ቆመ። እኔ ግን እንዳታቆሚ ተብያለሁና መታሁ። እንባዬ በአፍንጫዬ ይወርዳል፤ የምጠርግበት እጅ የለኝም።

መጀመሪያ የታየኝ የእታገኝ ጥቁር ቀሚስ ነው። ከኋላዋ፣ የመቀነቱን ሌላ ጫፍ በእጃቸው ጠቅልለው፣ ዱላቸውን ከፊታቸው እየሰደዱ፣ ጋሽ ይመር። ጋቢያቸው በጤዛ ነጥቷል። ጉልበታቸው ላይ ሱሪያቸው ተቀዷል። ሌላ ምንም አልሆኑም።

እጀታው ከእጄ ወደቀ። ሄጄ አቀፍኳቸው። በሕይወቴ መምህሬን አቅፌ አላውቅም ነበር። ብርዱ እያንቀጠቀጣቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አብሽሪ፣ ሰናይት፣ አብሽሪ» አሉኝ። እኔን ያጽናናሉ።

እታገኝ እሳቱ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። የባሏን ካፖርት አለበሰቻቸውና የገብስ አጥሚት ጣደች።

«ገብስ ብቻ ነው፣ አባቴ፣ ሌላ ነገር የለበትም፤ ሳይፈሩ ይጠጡ» አለቻቸው።

«የሰጠሽኝን ሁሉ እጠጣለሁ» አሉ።

ሁለት ኩባያ ከጠጡ በኋላ ነው የሆነውን የነገሩን። እኔ ስልክ ሳወራ የዙህር ሶላት ሰዓት ደርሶባቸው ነበር። ደስታዬን ላለማቋረጥ ብለው ዝም አሉ። ከድንጋዩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ለጥ ያለ ሣር አይተው ነበርና በዱላቸው እየዳሰሱ ወረዱ፣ ከቦርሳው ውስጥ ባለው ውሃ ውዱእ አድርገው ሰገዱ። ግንባራቸው መሬት ሲነካ አገሩ በብርሃን ነበር። ሰግደው ሲጨርሱ ምንም የለም።

«ዓይኔ ሄደ ብዬ ነው ያሰብኩት» አሉን። «ጉም መሆኑን አላወቅኩም። ሐኪሙ በአንዴ ሊሄድ ይችላል ብሎኝ ነበር። በቃ፣ ቀኑ ዛሬ ነው አልኩ። መጀመሪያ የፈራሁት ገደሉን አይደለም፤ ይሄን ነው። ኋላ እጄን ወደ ፊቴ ሳቀርበው ጣቶቼን አየሁ። ያኔ አልሀምዱሊላህ፣ ጉም ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ መጥፋቱ ቀለለኝ።»

የእኔን ጩኸት ሰምተዋል። ግን አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ነበር የሚመጣላቸው። ሁለት ጊዜ ተከትለውት ሁለት ጊዜም ዱላቸው ባዶ ነካ። በሦስተኛው አንድ እርከን ላይ ተንሸራተው ጉልበታቸው ተላጠ። ከዚያ ተጣጥፈው አንድ አለት ስር ተቀመጡ። የቆርቆሮውን ድምፅ ሲሰሙ መጀመሪያ እንደዋዛ አለፉት። ቆይተው ሦስት ሦስት መሆኑን ቆጠሩ።

«ተነስቼ መጣሁ፣ መጣሁ፣ ከዚያ ዝም አለ» አሉ። «ዝም ሲል ባለሁበት ቁጭ አልኩ። ብርዱ እንቅልፍ እንቅልፍ አሰኘኝ። ልተኛ ነበር፤ ጋቢውን ራሴ ላይ ሳብኩ። ከዚያ እንደገና ጀመረ።»

እታገኝ አላየችኝም። እኔም አላየኋትም። ያ ዝምታ እኔ መሬት ላይ የተቀመጥኩበት አሥር ደቂቃ ነበር።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጉሙ እንዳመጣጡ ተነስቶ ሄደ። ወዲያው ጠባቂዎቹ ተመለሱ። ጓሳው ውስጥ ታየ የተባለው ጭስ ራሱ ጉም ነበር። የእታገኝ ባል ነገሩን ሲሰማ የጠባቂዎቹን በቅሎ ጫነና ጋሽ ይመርን አስቀምጦ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘን። እታገኝን ስሰናበት የምለው ጠፋኝ። የተጠቀለለውን እጄን አየችና «ቅባት አድርጊበት» አለችኝ። ነጠላዋን የቀደደችው ለእኔ መሆኑን እንኳ የረሳች ትመስል ነበር።

ከዚያ መኪና አግኝተን ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በራቸው ደረስን። እትዬ ዘሀራ ፋኖስ መሳይ የእጅ ባትሪ ይዘው ደጅ ቆመዋል።

«አየኸው?» አሉ።

«አየሁት። ሁሉንም» አሉ ጋሽ ይመር።

እኔ ደህና እደሩ ብዬ እጄን ኪሴ ውስጥ እንደከተትኩ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያ ቤት አልደረስኩም። በመንገድ እትዬ ዘሀራን ከሩቅ ሳያቸው በሌላ በኩል እዞራለሁ። ትምህርት ቤት ጋሽ ይመር እንደወትሯቸው ናቸው፤ እኔ ግን ምሳዬን ሳልጨርስ እነሳለሁ። በመጨረሻ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። እትዬ ዘሀራ ብቻቸውን ነበሩ፤ ልብስ ያጥፋሉ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስልኩን፣ እጃቸውን መልቀቄን፣ አሥሩን ደቂቃ ጭምር። አሥሩን ደቂቃ ከእታገኝ በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

እስክጨርስ አላቋረጡኝም። የያዙትን ሸሚዝ አጥፈው አስቀመጡና ሌላ አነሱ።

«እሱ ያንኑ ማታ ነግሮኛል» አሉ። «ሳልነግራት ከአጠገቧ ሄጄ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷን አንድ ነገር እንዳትያት ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ፣ እትዬ?»

«መቼ መጣሽና? ስትመጪ እጅሽን ላይልሽ ነበር፤ ቀረሽ።»

እጄን ተቀበሉኝ፤ መዳፌን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት። ድኗል፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ቆዳው ጠንክሮ ቀርቷል። በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉትና «አሥር ደቂቃ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሁለት ሰዓት ሙሉ መትተሽ አሥር ደቂቃ ትቆጥሪያለሽ?» ከዚያ ቁጭ በይ፣ ልብሱን አግዢኝ አሉኝ። ያን ቀን እስኪመሽ እዚያው ዋልኩ።

ዛሬ የጋሽ ይመር ዓይን ካለፈው ዓመት ትንሽ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልሄደም። የካርታውን ሰሌዳ ለእኔ ትተውልኛል። በሽሎን ዝቅ አድርጌ እንድስለው ያስታውሱኛል። እኔም ለረጅም ጊዜ ስለዚያ ቀን ሳስብ ይከነክነኝ የነበረው ነገር ከእትዬ ዘሀራ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ለቆኛል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶብኛል። ጠዋት ጠዋት ጋሽ ይመር በትምህርት ቤቱ በር ሲገቡ ባየሁ ቁጥር፣ «ደህና አደሩ፣ ጋሼ» ከማለቴ በፊት አንድ ጊዜ በረጅሙ እተነፍሳለሁ።